ስሙ ብዙ፥ ሰውየው አንድ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ ስለ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግና ስለ ተያያዘ መረጃ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት እንቅልፍ የሚያመጣ ይመስላል። «የቤተ መጻሕፍት ሜታዳታና ሴማንቲክ ዌብ» የሚል ማስታወቂያ ከተለጠፈ ጀምሮ አንዳንድ ጓደኞቼ በመንገድ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ደፍተው ማለፍ ጀምረዋል። ስለዚህ ከንድፈ ሐሳቡ ሳይሆን በእኔው ላይ ከደረሰ ነገር ብጀምር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ሥራዎች አንድ የትምህርት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዝዤ ወደ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጬ ስማቸውን በሐመሩ «ሐ» ብጽፍ ሁለት መጻሕፍት ወጡልኝ። ያለው ይኸው ነው ብዬ ልነሣ ስል፥ አጠገቤ የነበረ ጓደኛዬ «እስቲ በሃሌታው ‹ሀ› ሞክረው» አለኝ። ብሞክረው ሌላ መጽሐፍ ወጣ። በላቲን ፊደል ብጽፈው ደግሞ ሌላ፤ የአባታቸውን ስም አስቀድሜ ብጽፈው ደግሞ ሌላ። በዚያ ካታሎግ ውስጥ ሐዲስ ዓለማየሁ አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራቱም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

መጻሕፍቱ ግን ሁሉም በመደርደሪያው ላይ በሰላም ተቀምጠው ነበር። ማንም አልሰረቃቸውም፤ ምስጥም አልበላቸውም። ያም ሆኖ ጓደኛዬ አጠገቤ ባይኖር ኖሮ፥ ለእኔ ካልታተሙ መጻሕፍት አይለዩም ነበር። እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ይህ ነው፤ መጽሐፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም፥ ወደ መጽሐፉ የሚያደርሰው መንገድም መጠረግ አለበት። መንገዱን የምንጠርገው እኛው ካልሆንን ደግሞ፥ ሌላ ሰው በማያውቀው አገር ላይ ይጠርገዋል።

በዕድሜ የበለጡን መምህራን የካርዱን መሳቢያ ያስታውሱታል። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የደራሲው ስም፥ የመጽሐፉ አርእስት፥ የታተመበት ቦታና ዓመት፥ በመደርደሪያ ላይ ያለበት ቁጥር ይጻፋል። ዛሬ በትልቅ ስም ሜታዳታ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ስለ መጽሐፉ የሚነግረን ቃል ማለት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1901 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታተሙ ካርዶችን ለሌሎች ይሸጥ ነበር፤ ይህንንም ሥራ ያቆመው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፥ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፥ ሄንሪየት አቭራም የተባሉ ሴት በዚያው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካርዱን ኮምፒዩተር ሊያነበው በሚችል መልክ አዘጋጁት። ይህ «ማርክ» የተባለው ሥርዓት እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር ቤተ መጻሕፍት ያገለግላል፤ ባለውለታችንም ነው።

ነገር ግን ካርዱ ወደ መኪናው ሲገባ የካርድነት ጠባዩን ይዞ ገባ። ሰው ካርድ ሲያነብ የጎደለውን በልቡ ይሞላል፤ «ይህ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን የደረሱት ሰው ናቸው» ይላል። ኮምፒዩተር ልብ የለውም፤ የሚያየው የፊደላትን ሰልፍ ነው። ሰልፉ በአንድ ፊደል ከተለወጠ፥ ለእርሱ ሰውየው ተለውጧል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ይህን አልዘነጉትም፤ ከብዙ አጻጻፍ አንዱን መርጠው ሌሎቹን ወደ እርሱ የሚመሩበት የስም መዝገብ አበጅተዋል። ሆኖም የተመረጠውም ስም ያው የፊደላት ሰልፍ ነው፤ የፓሪሱ ቤተ መጻሕፍት የመረጠውን ደግሞ የዋሽንግተኑ ላይመርጠው ይችላል።

ይህ ችግር የሁሉም አገር ቢሆንም፥ በእኛ ላይ ሲደርስ የሚብስበት ምክንያት አለው። እስቲ አብረን እናስላው። «ሐዲስ» የሚለውን ስም በ«ሀ»፥ በ«ሐ» ወይም በ«ኀ» መጀመር፥ በ«ስ» ወይም በ«ሥ» መጨረስ ይቻላል። «ዓለማየሁ» የሚለውን ደግሞ በ«አ»፥ በ«ኣ»፥ በ«ዐ» ወይም በ«ዓ» መጀመር ይቻላል። 3 በ2፥ በ4 ሲባዛ 24 ይሆናል። ሊቃውንቱ ትክክለኛው አንዱ ብቻ ነው ይሉናል፥ እውነታቸውንም ነው፤ ዳሩ ግን የመጽሐፍ ሽፋንና የካታሎግ ጸሐፊ ሁልጊዜ ሊቃውንቱን አይጠይቁም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር አግኝቷል። ስለዚህ ለኮምፒዩተር በ«ሀ»ና በ«ሐ» መካከል ያለው ልዩነት በ«ሀ»ና በ«መ» መካከል ካለው አያንስም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍማ የባሰ ነው። «ከበደ» የሚለውን አጭር ስም አንዱ «ኢ» በምትባለው የእንግሊዝ ፊደል፥ ሌላው «ኤ» በምትባለው፥ ሦስተኛው ሁለት ነጥብ ከላይዋ በተደረበባት «ኤ» ይጽፈዋል። በዚህ ላይ የአውሮፓን ልማድ ጨምሩበት። በዚያ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ነው። ይህን ልማድ ይዞ የተሠራ የጥቅስ ማዘጋጃ የእኛን ደራሲ ሲያገኝ፥ የአባቱን ስም አስቀድሞ ዋና ስም ያደርገዋል፤ ልጅ የደከመበትን መጽሐፍ አባት ይወስደዋል ማለት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 1965 እስከ መስከረም 1966 ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ አንዱ ካታሎግ 1965፥ ሌላው 1966 ቢል ሁለቱም ምክንያት አላቸው። 1958 ብሎ ብቻ የጻፈ ግን፥ አቆጣጠሩን ለማያውቅ አንባቢ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስረጅቶታል።

ስምስ ቢሆን መቼ ባንድ ይረጋል? በታሪካችን አንድ ሰው የዓለም ስም፥ የክርስትና ስም፥ የንግሥ ስምና የፈረስ ስም ይኖረዋል። ካሣ ኃይሉ፥ ዳግማዊ ቴዎድሮስና አባ ታጠቅ ሦስት ሰዎች አይደሉም። ቦታም እንዲሁ ነው፤ በናዝሬት ታተመ የሚለው መጽሐፍና በአዳማ ታተመ የሚለው ከአንድ ከተማ የወጡ ናቸው። የትምህርት ቤትም ስም ይለወጣል። በ1950 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው፥ በ1961 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃለለ፤ ይኸውም ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ተማሪ በአንዱ ስም ብቻ ቢፈልግ ከታሪኩ አንድ ክፍል ብቻ ይዞ ይመለሳል። በተቃራኒውም አንድ ስም ለብዙ ሰው ይሆናል፤ አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ «አበበ ከበደ!» ብዬ ብጠራ ስንት ሰው እንደሚነሣ እናንተው ታውቃላችሁ።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። መድኃኒቱ በአንድ ቃል ሲነገር፥ ስሙን ከሰውየው መለየት ነው። ስሙ እንደ ልማዱ ይለዋወጥ፤ ሰውየው ግን የማይለወጥ አንድ መለያ ይሰጠው፤ ስሞቹም ሁሉ በመለያው ሥር ይጻፉ። የኢንተርኔትን መረብ፥ ዌብ የምንለውን፥ በ1989 እ.ኤ.አ. ያሰቡት ቲም በርነርስ ሊ፥ በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሴማንቲክ ዌብ ስለሚባል ሐሳብ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ጻፉ። ይኸውም ሰው የሚያነበውን ገጽ ብቻ ሳይሆን፥ ኮምፒዩተር ትርጉሙን ተከትሎ ሊሠራበት የሚችለውን መረጃ በመረቡ ላይ ማኖር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተያያዘ መረጃ የሚባለውን አሠራር በአራት ደንቦች ገለጹት። አንደኛ፥ ለእያንዳንዱ ነገር መለያ ስጡ። ሁለተኛ፥ መለያው በዌብ ሊከፈት የሚችል አድራሻ ይሁን። ሦስተኛ፥ አድራሻውን የከፈተ ሰው ስለ ነገሩ የሚጠቅም ቃል ያግኝ። አራተኛ፥ ከዚያ ወደ ሌሎች ነገሮች የሚወስድ ማያያዣ ይኑር።

ቃሉ የሚጻፍበት መንገድ ሰዋስው ለተማረ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1999 እ.ኤ.አ. የጸደቀው «አር.ዲ.ኤፍ.» የሚባለው ሥርዓት እያንዳንዱን እውነት በሦስት ክፍል ይጽፈዋል፤ እኛ ባለቤት፥ ተሳቢና ማሰሪያ አንቀጽ የምንላቸውን ይመስላል። «ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን ደረሱ» አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። «ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ተረከ» ሌላ ነው። ባለቤቱም፥ ማሰሪያውም፥ ተሳቢውም መለያ ካላቸው፥ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር አንድ ቤተ መጻሕፍት፥ ሁለተኛውን የሬዲዮ ጣቢያ መዝገብ ቤት ቢጽፈው፥ ኮምፒዩተር ሁለቱን አጋጥሞ ያነባቸዋል። ሁለቱ ጸሐፊዎች መተዋወቅ አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልገው ስለ አንድ ድርሰት ሲናገሩ በአንድ መለያ መጥራታቸው ነው።

ይህ ሐሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። የኮንግረስ፥ የጀርመን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. የተባለው ድርጅት በ2003 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ቪያፍ» የልዩ ልዩ አገር ቤተ መጻሕፍትን የስም መዝገቦች ያገናኛል፤ አንዱ እንዲህ፥ ሌላው እንዲያ ብሎ የጻፈውን ስም በአንድ ቁጥር ሥር ይሰበስባል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2009 እ.ኤ.አ. የርእሰ ጉዳይ መዝገቡን በተያያዘ መረጃ መልክ ለሁሉ ከፈተ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርክን የሚተካ ሥርዓት ለማበጀት ተነሣ። ይህ «ቢብፍሬም» የተባለው አዲሱ ሥርዓት በድርሰቱ፥ በእትሙና በቅጂው መካከል ልዩነት ያደርጋል። ድርሰቱ ደራሲው ያሰቡት ሥራ ነው፤ እትሙ በዚህ ዓመት በዚህ ማተሚያ ቤት የወጣው ነው፤ ቅጂው በእጃችሁ ያለው፥ ምናልባትም ቡና የፈሰሰበት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ሊብሪስ» የተባለውን የአገሩን የጋራ ካታሎግ ወደ ተያያዘ መረጃ አዛወረው።

ለእኛ ግን ከስዊድን ይልቅ የሚቀርበን የብራና መጽሐፎቻችን ነገር ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ብዙ የብራና መጻሕፍት ይዘው ሄዱ፤ 350 ያህሉ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አንትዋን ዳባዲ የሰበሰባቸው በፓሪስ አሉ፤ ሌሎች በቫቲካን፥ ሌሎች በየገዳማቱ አሉ። የእነዚህ ሁሉ ካታሎጎች በልዩ ልዩ ዘመን፥ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፉ ስለሆኑ፥ አንድን ድርሰት በየትኛው ገዳምና በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ መከተል የአንድ ሰው ዕድሜ የሚፈጅ ሥራ ነበር።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያና በአሜሪካ በሚኒሶታ ትብብር ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ብዙ ዘመናቸውን በካታሎጉ ሥራ አሳለፉ። ያን ጊዜ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» ቢል፥ በየትም አገር ያለ ባልደረባው የሐይቅ እስጢፋኖሱን የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል መሆኑን ያውቃል። ፊልሙ ወደ ዲጂታል ሥዕል ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። በቀላል ቁጥር የተሠራ ሥራ ዘመንን እንደሚሻገር ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ቤተ መጻሕፍት» በሚል በግእዝ ስም የሚጠራ የምርምር ሥራ የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት ይመዘግባል። ለየድርሰቱ፥ ለየመጽሐፉ፥ ለሰውና ለቦታ መለያ ይሰጣል፤ መረጃውንም ለሁሉ ክፍት አድርጎ ያያይዘዋል። በለንደን ያለውና በገዳም ያለው የአንድ ድርሰት ቅጂ በአንድ መለያ ሥር ጎን ለጎን ይታያሉ። ይህ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ግን እንዳንሳሳት። ካታሎግን ማገናኘት መጽሐፍን መመለስ አይደለም። በ1872 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥቱ እንዲመለስላቸው ሲጽፉ የጠየቁት መጽሐፉን ራሱን ነበር፤ መጽሐፉም ተመለሰ። ዛሬ መለያው የሚያደርግልን ነገር የት እንዳለ በእርግጥ ማሳየት ነው። የት እንዳለ በእርግጥ የማያውቅ ሰው ግን ይመለስልኝ ብሎ ለመጠየቅም ይቸግረዋል።

አሁን ተቃውሞዎችን ላንሣ፤ እናንተ ሳታነሡብኝ ማለቴ ነው። አንድ ጓደኛዬ «መጽሐፍ ለመግዣ ገንዘብ ሲቸግረን፥ መብራትም ሲጠፋብን፥ ስለ ሴማንቲክ ዌብ ማውራት ጫማ ሳይኖር ስለ ካልሲ መጨነቅ ነው» ብሎኛል። ነገሩ ያስቃል፤ ግማሹም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይኸውና፤ ለአንድ ደራሲ አንድ መለያ ለመስጠትና የስሙን አጻጻፍ ሁሉ ከሥሩ ለመመዝገብ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ባሕረ መዝገብና የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ትልቁ መኪና በኋላ ሊመጣ ይችላል። መኪናው ቀድሞ ቢመጣና መዝገቡ የተዘበራረቀ ቢሆን ግን፥ ዝብርቅርቁን በፍጥነት ያሠራጭልናል እንጂ አያቃናልንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል። የካርድ ስሕተት በአንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀር ነበር፤ በተያያዘ መረጃ ግን ሁለት ሰዎችን አንድ ናቸው ብሎ የጻፈ አንድ ሰው ስሕተቱን በብዙ አገር ያዘራል። መልሱ ሥራውን መተው አይመስለኝም፤ ያላረጋገጡትን አለማገናኘት ነው። ሁለት «አበበ ከበደ» ካሉና አንድ መሆናቸውን ካላወቅን፥ ለይተን እናቆያቸው፤ ነገ ማስረጃ ሲገኝ ማገናኘት ይቻላል፤ የተቀላቀለውን መለየት ግን ከባድ ነው።

ሦስተኛው የጥንቃቄ ነገር ነው። ሁሉ ነገር ለሁሉ ክፍት መሆን የለበትም። አንድ ትንሽ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ያላትን ውድ ወንጌል ከነሣጥኗ አድራሻ በዓለም ፊት ማስፈር፥ ለተመራማሪ ያዘጋጀነውን መንገድ ለሌባም መምራት ነው። ስለዚህ ምን እንደሚገለጥ የሚወስኑት መጽሐፉን የሚጠብቁት ሰዎች ራሳቸው መሆን አለባቸው።

ጓደኞቼ፤ ነቀፋ ብቻ ተናግሬ እንዳልወርድ አራት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በዩኒቨርሲቲያችን የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስገባ ተማሪ ሁሉ፥ ስሙን እርሱ ራሱ በሚመርጠው አጻጻፍ በፊደላችንና በላቲን ጽፎ ያስረክብ፤ የራስን ስም ከባለቤቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ፥ የአባት ስም የቤተሰብ ስም ተደርጎ እንዳይገለበጥ፥ ስሙ እንደሚጠራው በቅደም ተከተሉ ይጻፍ። ሦስተኛ፥ ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ምንጊዜም ይነገር። አራተኛ፥ በየሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች ከቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጋር ተቀምጠን፥ በመደርደሪያችን ያሉትን የአማርኛ ደራስያን አንድ በአንድ እንመዝግብ፤ በቪያፍ ውስጥ መለያ ያላቸውን ከመለያቸው ጋር እናያይዝ፤ የሌላቸውን በ2012 እ.ኤ.አ. በተከፈተውና ማንም ሊጽፍበት በሚችለው «ዊኪዳታ» ላይ እያስረዳን እናስገባ። አንድ ጊዜ የተሰጠ መለያ ለሌላ እንዳይሰጥ፥ እኛም ተመርቀን ስንሄድ መዝገቡን የሚረከብ ሰው እንዲኖር ከአሁኑ ይታሰብበት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ ካታሎጉን የሚጽፈው ግን ሰው ነው። ያም ሰው ቋንቋችንን፥ ፊደላችንንና አቆጣጠራችንን የማያውቅ ከሆነ፥ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም፤ ብዕሩን አናነሣም ያልነው የእኛም ነው። እኔ ያን ቀን አራት ሐዲስ ዓለማየሁ አግኝቼ የተመለስሁት አጠገቤ ጓደኛ ስለ ነበረኝ ነው። ከእኛ በኋላ ብቻውን ለሚመጣው ተማሪ፥ ያ ጓደኛ ካታሎጉ ራሱ እንዲሆንለት እንሥራ።

ጥያቄም ተቃውሞም ያለው ይናገር፤ ለመዝገቡ ሥራ ስሙን ማስመዝገብ የሚፈልግም ደብተሩ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ስሙን ግን እባካችሁ በሚወደው አጻጻፍ ይጻፈው።